ስኳር ብዬ የጻፍኩት

ቦሎኛ፣ መስከረም 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልኪያስ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አዲሱን ዓመት በሕይወት ያሳየን አምላክ ዘመኑን የጤና ያድርግልህ። እኔ ደህና ነኝ። የምጠብቃቸው አሮጊትም ደህና ናቸው። ጠዋት ስኳራቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ፣ ከሰዓት በተሽከርካሪ ወንበር አየር አስቀብላቸዋለሁ። ስምንት ዓመቴ በዚሁ አለፈ።

የጻፍኩልህ ስለ ወንድሜ ስለ ሥዩም ነው። ለዱሬቲ ቤተሰብ ሽማግሌ የተላከ ዕለት የተነሡትን ፎቶዎች ሰው አምጥቶልኛል። ሰባት ናቸው። በሰባቱም ሥዩም አፉን በእጁ ሸፍኗል። በአንደኛው ሁሉም እየሳቁ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ከአንገቱ ርቆ ቆሟል።

ይህ ልጅ ሲስቅ ሦስተኛው ቤት ይሰማ እንደነበር አንተም ታስታውሳለህ። እናታችን በስኳር እግሯ ተቆርጦ አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የወተት ጥርሶቹን በክር እየነቀልኩ ጣራ ላይ የወረወርኩለት እኔ ነኝ። አሁን በስልክ ስጠይቀው "ደህና ነኝ እትዬ" ይልና ጎብኚ ስለሚመራበት ሐይቅ ያወራልኛል። ድምፁ አፉ ውስጥ አንድ ነገር የያዘ ሰው ድምፅ ነው።

የእናቶቻችን አያት አንድ ሴት ናቸው፤ ዝምድናችን ራቅ ይላል። ከቅርቦቹ ይልቅ አንተን የጠየቅሁት የጥርስ ባለሙያ ስለሆንክ ብቻ አይደለም። ያላየኸውን የማትጽፍ ሰው ስለሆንክ ነው። አፉን አስከፍተህ እይና ያየኸውን ጻፍልኝ። በስልክ አይሁን። የስልክ ነገር ከጆሮዬ ይጠፋል፤ ጽሑፍ ግን ደጋግሜ አነባለሁ።

እህትህ አየለች


አምቦ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.
(ይህ ረቂቅ አልተላከም)

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

ሰላምዎ የበዛ ይሁን። ያዘዙኝን ፈጽሜአለሁ። ያየሁትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

ሥዩም ቅዳሜ ጠዋት ከሥራው ከሐሮ ወንጪ ሐይቅ መጣ። የሕክምናው ወንበር ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ "አፍህን ክፈት" አልኩት።

"እኔ ስከፍት አንተ ትዘጋለህ?" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ለእትዬ ልትጽፍላት እንደሆነ አውቃለሁ። ካየህ በኋላ አፍህን ዝጋ ነው የምልህ።"

ከፈተ። አሥራ አንድ ጥርሶች ተቦርቡረዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ሥራቸው ብቻ ነው የቀረው። ጉዳቱ የበረታው በግራ በኩል ነው። በዚያ በኩል ድዱ ወደ ታች ሸሽቶ የጥርሶቹ ሥር ይታያል፣ የጉንጩ ውስጠኛ ቆዳ ነጥቶ ሻክሯል። ምራቁ እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ አፍ በዚህ ከተማ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ አያለሁ። ስለዚህ አልጠየቅሁትም።

እሱ ራሱ ነገረኝ። ጫት መቃም ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ጀመረው። ምሬቱን ለመቀነስ ቅጠሉን ከስኳር ጋር በግራ ጉንጩ ይይዛል። ጫቱ ምራቁን ያደርቃል፤ ስኳሩ የሚያጥበው ሳያገኝ ጥርሱ ላይ አራትና አምስት ሰዓት ይቀመጣል። ማታ ምርቃናውን ለማብረድ ይጠጣል፣ አፉን ሳይታጠብ ይተኛል። እንቅልፉ ከመጣለት ነው። ሲያመው ከየሱቁ የሕመም ማስታገሻ ይገዛል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ ነው፦ ሲቅም ሕመሙ አይሰማውም። ጥርሱ ስለሚያመው ይቅማል፣ ስለሚቅም ጥርሱ ያመዋል።

ሥጋ መብላት ትቷል። ዱሬቲ ስታናግረው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመልስላት።

ሊሄድ ሲል ከበሩ ተመለሰና "ጫት የምትለዋን ቃል እንዳትጽፍ" አለኝ። "ሌላ የፈለግኸውን ጻፍ። እሷ ለእኔ ስትል አላገባችም፣ አልወለደችም። የሰው አሮጊት ስታጥብ ኖራ ያስተማረችው ልጅ ቅጠል ሲያመነዥግ ይውላል ብለህ ትነግራታለህ?"

እትዬ፣ እኔም


አምቦ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

ሰላምዎ የበዛ ይሁን፤ ድካምዎን የሚቆጥር አምላክ ብርታቱን አይንፈግዎ። እኔም ቤተሰቤም ደህና ነን።

በትእዛዝዎ መሠረት ሥዩምን መርምሬአለሁ። አሥራ አንድ ጥርሶቹ ተቦርቡረዋል፣ በግራ በኩል ድዱ ተጎድቷል፣ ምራቁ አንሷል። የሚሞሉትን እሞላለሁ፤ የማይድኑትን፣ ድዱ ሲረጋ፣ ደረጃ በደረጃ አወጣለሁ። የጥርሶቹ ጉዳት ከስኳር ጋር የተያያዘ ነው። ዝርዝሩን እሱ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለሕክምናው የሚከፈል ነገር ስለሌለ ስለዚህ አያስቡ።

አክባሪዎ ሚልኪያስ


ቦሎኛ፣ ኅዳር 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልኪያስ፣

እንዴት ሰነበትክ? እመቤቴ ከክፉ ትሰውርህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በወር ከአምስት ቀኑ ነው። ስኳር የሚለውን ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

ይኸው፣ ከእናታችን ወደ እሱ ዞረ። ግን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? ስምንት ዓመት የስኳር በሽተኛ እያስታመምኩ እንዴት አልገባኝም? መክሳቱ፣ አፉ መድረቁ፣ ድዱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በስልክ ድንገት መነጫነጩ፣ ሁሉም እሱ ነው። እናታችንም በመጀመሪያ የረገፈው ጥርሷ ነበር።

ስደውልለት "ሚልኪያስ ስኳር እንዳለብህ ጽፎልኛል" አልኩት። "ካለ እሱ ነው እትዬ" አለኝ። ደብቆኝ ኖሯል፤ እንዳልጨነቅ ብሎ ነው። እኔም አልተቆጣሁትም፣ ይልቅስ አለቀስኩ።

ለሠርጉ በሚመጣ ሰው እጅ የስኳር መለኪያ ማሽን ልኬልሃለሁ። በባዶ ሆዱ ለካውና ቁጥሩን ጻፍልኝ። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይብላ። መድኃኒት የሚያስፈልገው እንደሆነም ንገረኝ።

እውነቱን ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸፋፍንልኝ ነበር።

አየለች


አምቦ፣ ጥር 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሠርጉ በሰላም ተፈጽሟል። ዱሬቲ መልካም ሴት ናት፤ ታስተምርበት ከነበረው ከእንጭኒ ወደ አምቦ ተዛውራለች።

ማሽኑ ደርሶኛል። ሥዩምን በባዶ ሆዱ ለክቼዋለሁ፤ ቁጥሩ ዘጠና ሁለት ነው። ይህ የጤናማ ሰው ቁጥር ነው። ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልገውም።

በሐሮ ወንጪ የነበረውን ሥራ ትቷል። ከሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ጎብኚዎችን ወደ ጀልባው ሲያወርድ አፉን በእጁ ይዞ ነበር አሉ። ኦቦ ጉተማ የተባሉ ፈረስ አከራይ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው፣ "ሥዩሜ፣ እጅህ አፍህ ላይ ከዋለ ደሴቱን በምን ታሳያቸዋለህ?" ሲሉት ሰዉ ሳቀ። ሥዩም ጎብኚዎቹን እዚያው ትቶ ዳገቱን ወጣ፤ በማግሥቱም አልተመለሰም። ኦቦ ጉተማ ክሊኒካችን ድረስ መጥተው "እኔ እኮ ስቀልድ ነው" ብለውኛል። አዝነዋል።

ድዱ ሲሻለው የማይድኑትን አራት ጥርሶች አወጣለሁ።

አክባሪዎ ሚልኪያስ


ቦሎኛ፣ የካቲት 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልኪያስ፣

ጾሙን ለበረከት ያድርግልን። ዘጠና ሁለት የምትለዋን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌያታለሁ። መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው።

አልነገርኩህም ነበርና ይቅር በለኝ። የአንተን መልስ ብጠብቅ ሁለት ወር እንደሚሄድ አሰብኩ። አሮጊቷ ክኒኑ ተትቶላቸው ወደ መርፌ ስለተዛወሩ፣ የተረፈውን የስኳር ማውረጃ ክኒን አራት ሣጥን በዚያው በሠርጉ እንግዳ እጅ ለዱሬቲ ላክሁላት። ለእሱ ብሰጠው ይረሳዋል። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ከአጠገቡ ቆማ አንድ አንድ ታስውጠዋለች፤ ምላለች።

አንተ "ለጊዜው" ብለህ መጻፍህን አይቻለሁ። ከሥሯ አሰመርኩባት። ቁጥሩ ወረደ ብለን ችላ ብንል ተመልሶ ይነሣል፤ በሽታውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እንዳታቋርጪ ብያታለሁ።

የሐሮ ወንጪውን ነገር አንብቤ አዘንኩ። ግን ጤናው ይቅደም። ጥርሱን አስተካክልልኝና ሌላውን በኋላ እናየዋለን።

እህትህ አየለች


አምቦ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

ስልክ በተደጋጋሚ ደውለዋል። ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። የሆነውን ከዱሬቲ ሰምተዋል፤ እንዴት እንደሆነ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ይህንንም በጽሑፍ ልነግርዎ ይገባል። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ያዘዙኝ ይህን ነበር።

ሥዩም የስኳር በሽታ የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም። ሥዩም ጫት ይቅማል። ስድስት ዓመት በየቀኑ ቅሟል። ስኳር ብዬ የጻፍኩት ከቅጠሉ ጋር ጉንጩ ውስጥ የሚይዘውን፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ስኳር ነው። ጥርሱን የጎዳው እሱ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ቃሉን የመረጥሁት ሐሰት ስላልሆነ ነው። በእርስዎ ቤት ስኳር ሲባል አንድ ነገር ብቻ እንደሚሰማ ግን ማወቅ ነበረብኝ፤ የእናትዎን ቀብር ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝና።

መልስዎ በደረሰኝ ጊዜ የተረዱት ሌላ እንደሆነ አወቅሁ። ሥዩምን ጠርቼ "ይህን አሁኑኑ ማረም አለብን" አልኩት።

"ተወው" አለኝ። "ለስኳር ትጸልይልኛለች። ለጫት ግን ምን ታደርጋለች? ታፍርብኛለች።"

"ውሸት ነው፣ ሥዩም።"

"አንተ መቼ ዋሸህ? ስኳር ነው ያልክ። እኔም ስኳር ነው ያልኩ። ሁለታችንም አልዋሸንም። እስከ ፋሲካ ተወኝ፣ ጥርሴን ጨርስልኝ፣ ከዚያ እኔው እነግራታለሁ። እየቀነስኩ ነው።"

እውነትም ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩልዎ። ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ራሱ ይናገራል ብዬ አሰብኩ። "ለጊዜው" ያልኩት በልማድ ነው፤ በካርድ ላይ ሁልጊዜ እንደዚያ እጽፋለሁ።

መጋቢት 20 ቀን አራቱን ጥርሶች አወጣሁ። ከመጀመሬ በፊት ማንኛውንም በሽተኛ እንደምጠይቅ "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" አልኩት። "ምንም" አለኝ። ይህም ሐሰት አልነበረም። ዱሬቲ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ስታቀብለው ጫቱን በሚይዝበት በግራ ጉንጩ ሥር ያስቀምጠው፣ ዞር ስትል ይተፋው ነበር። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሟሙተው የደረቁ ክኒኖች ተገኙ። ለዱሬቲ እንዳይወስደው ሊነግራት አልቻለም፤ ለምን እንደማይወስደው መናገር ነበረበትና።

ጥርሶቹን ካወጣሁ በኋላ ጥጡን አስነክሼ ለሁሉም የምሰጠውን ምክር ሰጠሁት። "በግራ በኩል ምንም እንዳትይዝ። አትጉመጥመጥ። ለሁለት ቀን አትትፋ፤ ከተፋህ የረጋው ደም ይነሣና ቁስሉ ይከፈታል።"

"ጫትስ?" አለኝ በጥጡ ውስጥ።

"ጫት ፈጽሞ።"

"እሺ ዶክተር። እንዳልክ።" ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

እትዬ፣ ሥዩም የነገርኩትን አከበረ። ሁለት ቀን አልቃመም። ሁለት ቀን አልተፋም። ስለማይተፋም ዱሬቲ የሰጠችውን ክኒን ዋጠው። በመጀመሪያው ቀን ከሕመሙ የተነሣ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ክኒን ውጦ ተመልሶ ተኛ። ዱሬቲ ትምህርት ቤት ውላ በአሥር ሰዓት ስትመለስ እንደተኛ ነበር። "ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥቶ ዛሬ ተኛ ብዬ ተውኩት፣ ኦቦ ሚልኪያስ" አለችኝ። "ላቡን ጠርጌለት፣ ብርድ ልብሱን አስተካክዬ ተውኩት። ማሎ፣ እንቅልፍ መስሎኝ እኮ ነው።" ማሎ እያለች ስትለምን የምትለምነው እኔን አልነበረም።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስትቀሰቅሰው አልነቃም። ጠራችኝ። እርስዎ በላኩት ማሽን ለካሁት። ማሽኑ ቁጥር አልሰጠም፤ ከመለኪያው በታች መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ብቻ አወጣ። ምን ወስዶ እንደሆነ ስጠይቅ ዱሬቲ የእርስዎን ሣጥን አሳየችኝ። ስለ ሣጥኑ የጻፉልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ነው።

ሆስፒታል ውስጥ በግሉኮስ ነፍሱን መልሰውለታል። አንጎሉ ግን ለረጅም ሰዓት ያለ ምግብ ቆይቷል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። ሰው ይለያል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ፦ አይመስለኝም። ይናገራል ወይ? አይናገርም።

ምክንያቱን በአእምሮዬ ደጋግሜ ዘርዝሬዋለሁ። ጫቱ አለ፣ የእሱ እፍረት አለ፣ የእርስዎ ፍቅር አለ፣ የመንገዱ ርዝመት አለ። እያንዳንዳቸውን አንድ በአንድ ሳወጣ የሚቀረው በጥቅምት 22 የጻፍኩት ቃል ነው። ከእሱ ሁለት ቀን በፊት የጻፍኩት እውነተኛ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ሚልኪያስ


ቦሎኛ፣ ኅዳር 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሚልኪያስ፣

ሰባት ወር አልጻፍኩልህም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

አንድ ነገር አንተም አታውቅም፣ ልንገርህ። በየካቲት መጀመሪያ ዱሬቲ ደውላልኝ ነበር። "እትዬ፣ ሥዩም እኮ ይቅማል። ስኳር ሳይሆን ጫቱ ቢሆንስ የሚያከሳው?" አለችኝ። ተቆጣኋት። አዲስ ሙሽራ ሆነሽ ባልሽን ታሚያለሽ አልኳት። "ሚልኪያስ ያላየውን አይጽፍም፣ እሱ ስኳር ብሏል" አልኳት። ደግሞም "ሐኪም ካለው አንቺ ትበልጫለሽ?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን አንድም ቀን አላሳለፈችም።

ረቂቅህን አንብቤዋለሁ። "እትዬ፣ እኔም" ብለህ አቁመሃል። ምን ልትል እንደነበር አልጠይቅህም።

አሮጊቷ በነሐሴ ዐረፉ። ሌላ ቤት ገብቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ስለተጓተተ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ መምጣት አልችልም።

ሁለት ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። አንደኛ፣ ያወጣሃቸውን አራት ጥርሶች ምን አደረግሃቸው? ሁለተኛ፣ የአሁን ፎቶውን ላክልኝ። እንዳለ፣ ሳታስተካክለው።

አየለች


አምቦ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

የመጀመሪያውን ልመልስ። ጥርሶቹ በክሊኒኩ አሠራር መሠረት ከሌላው የሕክምና ቆሻሻ ጋር በዚያው ቀን ተቃጥለዋል። አልቀሩም።

ሁለተኛውን አያይዣለሁ። ፎቶው የተነሣው በገና ጾም፣ እሑድ ጠዋት፣ ዱሬቲ ግቢ ውስጥ ነው። የተቀመጠበትን ወንበር የሠሩለት ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከወንጪ እየመጡ ያጥቡታል። ዱሬቲ የምታበላው በማንኪያ ነው። ምግቡ ለስላሳ መሆን ስላለበት የጥርሱ ጉዳይ አሁን ብዙ ለውጥ አያመጣም። የቀሩትን በየወሩ አጸዳለታለሁ። ሃያ ስምንት ናቸው። አይከለክለኝም። አፍህን ክፈት ማለትም አያስፈልገኝም።

ፎቶውን ከማየትዎ በፊት እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ዱሬቲ ካሜራውን ስታነሣ ሥዩም ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አናውቅም፤ ሐኪሞቹ ትርጉም የለውም ይላሉ። ድምፁ ግን ያው የልጅነቱ ነው፣ ጎረቤት ወጥቶ አየ።

ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። አፉን አልሸፈነም።

ሚልኪያስ